ፍሎት በሁለት ጾም መካከል

ሱሩር ዱባይ የቆየው ሳምንት እንኳ አይሞላም። ዱባይ ግን አንዴ ሱሩር ውስጥ ከገባች ወዲህ አልወጣችም። ከሌሎች ነጋዴዎች ጋር ምንጣፍ ሊያይ ሄዶ ምንጣፉን ሌሎቹ አዩለት። እሱ አንድ ግዙፍ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ፣ ቀይ ኮፍያ ያጠለቀ ሰውዬ ረጅም ብርጭቆ ውስጥ አይስክሬም ጥሎ፣ ክንዱን ወደ ጣሪያ ዘርግቶ፣ የሎሚ ለስላሳ ከላይ ሲያንቆረቁርበት አየ። አረፋው ነጭ ሆኖ ተነሣ፤ አይስክሬሙ አረፋው ላይ ተንሳፈፈ፤ ከበው የቆሙት ሰዎች አጨበጨቡ። ሱሩርም አብሮ አጨበጨበ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ብርድ ልብስ መሸጥ አስጠላው።

ብርድ ልብስ ደግሞ እንጀራው ነበር። ሰበታ ውስጥ፣ ከጅማው መንገድ ወደ ገበያው በሚያስገባው ኮብልስቶን ላይ፣ አባቱ ሐጂ ኑርሰፋ ከስልጤ መጥተው በትከሻቸው ተሸክመው በማዞር ጀምረው ያቆሙት የብርድ ልብስና የምንጣፍ ሱቅ አለ። ሐጂ ጉልበታቸው ሲደክም ሱቁን ለልጃቸው አስረከቡ። እውነቱን ለመናገር ያስረከቡት ለልጃቸው ሚስት ለጀዋሂር ነው፤ ለሱሩር የሰጡት ቁልፉን ብቻ ነው። ጀዋሂር የዓለምገና ልጅ ናት። አባቷ ቅመም ነጋዴ ስለነበር ገበያ ውስጥ ነው ያደገችው፤ ሰው ገና ደጃፍ ሲረግጥ የሚገዛውንና ዋጋ ጠይቆ ብቻ የሚሄደውን ትለያለች። ባሏን ግን ስታገባው አልለየችውም። መልከ መልካም ነበር፣ ጨዋታ አዋቂ ነበር፣ ነገ ስለሚሠራው ሥራ ሲያወራ ትናንት ሠርቶ የጨረሰው ያስመስለው ነበር። ጀዋሂር የትናንቱን ፈልጋ ባጣች ቁጥር ነገሩ እየገባት ሄደ።

ከዱባዩ ሐሳብ በፊት የጫጩት መፈልፈያ ነበር፤ መብራት ጠፍቶ እንቁላሉ ገማና ሰፈሩ ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ከረመ። ከዚያ በፊት የሽቶ ንግድ ነበር፤ ሽቶውን ራሱ ተቀብቶ ጨረሰው። ሱሩር ከሁለቱም የተማረው አንድ ነገር ነው፤ ሰበታ ለእሱ ሐሳብ ገና አልደረሰችም።

ከዱባይ የተመለሰ ለት ሻንጣውን ሳይፈታ ጀዋሂርን አስቀምጦ ሁሉንም አጫወታት። ኮፍያውን፣ ክንዱን፣ አረፋውን፣ ጭብጨባውን። እሷ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«አይስክሬም በለስላሳ ነዋ» አለችው።

«አይደለም። ፍሎት ነው።»

«ምን ምን ይገባበታል?»

«አይስክሬምና ለስላሳ።»

ጀዋሂር ከዚህ በላይ አልጠየቀችም። ሱሩርም ዝምታዋን እንደ ስምምነት ቆጥሮ ሥራ ጀመረ። የአይስክሬም ማሽኑን ቡራዩ ከተዘጋ ካፌ ገዛው። ካፌው ለምን እንደተዘጋ መጠየቅ አላስታወሰም። ወተትና ክሬም ከሱሉልታ እንዲመጣለት ላም አርቢዎች ጋ ሄዶ ተዋዋለ፤ ሲመለስ ስለ ላሞቹ የሚያወራው አንዲት እንኳ አልቦ የማያውቅ ሰው በሚያወራበት እርግጠኝነት ነበር። ሱቁን ለሁለት ከፈለው። በግራ በኩል ብርድ ልብሱ እስከ ጣሪያ ተከመረ፤ በቀኝ ማሽኑ፣ ረጃጅም ብርጭቆዎችና የፕላስቲክ ወንበሮች ተደረደሩ። መሀል ላይ የሚቀመጥ ሰው በአንድ ጎኑ ሲሞቀው በሌላው ይበርደው ነበር።

ጀዋሂር አንድ ቀን ብቻ ልትመክረው ሞከረች። መቼ ሊከፍት እንዳሰበ ጠየቀችው። የካቲት አላት፤ ፀሐይዋ የምትከርርበት፣ ሰው ሁሉ ጥላ የሚፈልግበት ወር።

«የካቲት ላይ ምን እንደሚገባ ታውቃለህ?»

«ሙቀት።»

«ጾም ነው የሚገባው። የክርስቲያኑም የእኛም፣ አብረው።»

ሱሩር ትንሽ አሰበ። የማሰቡ ነገር ግን መልስ ለመፈለግ እንጂ ነገሩን ለማጤን አልነበረም። «ነጋዴ ፀሐይ ያያል እንጂ ጨረቃ አያይም» አላት። አባባሉን ራሱ ወደደውና ያን ሳምንት ለብዙ ሰው ነገረው።

ደጃፉ ላይ «ዱባይ ፍሎት» የሚል ማስታወቂያ ተሰቀለ። ከገጠር ለገበያ የመጡ አንድ አዛውንት በዘንጋቸው ተደግፈው ቆመው ፊደል በፊደል አነበቡትና ምርጫው እዚህ ነው ወይ ብለው ጠየቁ፤ በኦሮምኛ ፊሉ ማለት መምረጥ ነውና። ከመንገዱ ማዶ ፀጉር የሚያስተካክለው ሚልኬሳ መቀሱን እንደያዘ ብቅ ብሎ፣ «አይደለም ኦቦ፣ እዚህ ቤት ምርጫ የለም፤ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው» አላቸው።

በመክፈቻው ቀን የመጀመሪያዋ እንግዳ እትዬ ተረፈች ነበረች፤ ጎን ላይ በርበሬና ሽሮ የምትሸጥ፣ ሐጂ ኑርሰፋ ገና ጎልማሳ ሳሉ ጀምሮ ጎረቤት የሆነች ሴትዮ። እንኳን ደስ ያላችሁ ብላ ገባችና ብርጭቆዎቹን፣ ማሽኑን፣ ሱሩር ያሰፋውን ቀይ ኮፍያ ተራ በተራ አየች። ወተት አለበት ወይ ብላ ጠየቀች። ሱሩር ደረቱን ነፍቶ፣ ንጹሕ የሱሉልታ ወተት እንደሆነ ነገራት። እትዬ ተረፈች ከንፈሯን መጠጠች፤ ዐቢይ ጾም ከገባ መሰንበቱን፣ ወተት የነካው ነገር እስከ ፋሲካ አፏ እንደማይገባ፣ ፈጣሪ ያድርሰንና ያኔ እንደምትመጣ ነግራው ወጣች። ደጅ ላይ ለጀዋሂር ቀስ ብላ፣ «ላም አለኝ በሰማይ አሉ፤ የናንተዋ እንኳ ሱሉልታ ናት፣ ትሻላለች» አለቻት።

ከእሷ በኋላ ማንም አልመጣም። ክርስቲያኑ በወተቱ ምክንያት አልጠጣም፤ ሙስሊሙ ቀኑን ሙሉ ውሃም አይቀምስም። ሱሩርም ራሱ ጾመኛ ነው። ቀይ ኮፍያውን አጥልቆ፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ ከረጃጅሞቹ ብርጭቆዎች ኋላ ቆሞ ሲታይ ቅጣት የሚቀበል ሰው ይመስል ነበር። በመንገዱ የሚያልፉ ባጃጆች ቀስ ይሉና አይተውት ይሄዳሉ። ብርድ ልብስ ለመግዛት የመጡት እንኳ የማሽኑን ጉርምርምታ ሲሰሙ የቤት ዕቃ ጥገና ቤት መስሏቸው ይመለሱ ነበር።

ከተማው ውስጥ በዚያ ወር ያልጾመ ወገን ቢፈለግ የተገኘው የሚልኬሳ ጉባኤ ነው። ሚልኬሳ ጴንጤ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ መዘምራን ይመራል። ለጎረቤቱ አዝኖ እሑድ ከፕሮግራም በኋላ መዘምራኑን ከነዩኒፎርማቸው ይዞለት መጣ። ሱሩር ሕይወቱን ሙሉ ሲጠብቀው የኖረው ቀን ይህ ነበር። ብርጭቆዎቹን አሰለፈ፣ አይስክሬሙን በየብርጭቆው ጣለ፣ ወንበር ላይ ወጣ፣ ክንዱን ዘረጋ፣ ለስላሳውን ከላይ ለቀቀው። ጠርሙሱ ደግሞ ከካሳ ወጥቶ ፀሐይ ላይ የዋለ ነበር፤ ማቀዝቀዣው ውስጥ ቦታውን ሁሉ አይስክሬሙ ይዞታል። አረፋው ተነሣ። ዱባይ ላይ ተነሥቶ ብርጭቆው አፍ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሰበታ ላይ አልቆመም። ጠረጴዛው ላይ ወረደ፣ ከጠረጴዛው የመዘምራኑ ነጭ ቀሚስ ላይ፣ ከዚያም አልፎ ከታች የተከመረው ብርድ ልብስ ላይ። ብርጭቆው ውስጥ የቀረው ከጉንጭ አያልፍም።

«በረከት ነው» አለ ሱሩር ወንበሩ ላይ እንደቆመ። «ሞልቶ መፍሰስ የበረከት ምልክት ነው።»

ጀዋሂር መወልወያ ይዛ በረከቱን ትጠርግ ጀመር።

እሑዱን ሁሉ እንዲህ ሆነ። በሚቀጥለው ሳምንት ሱሩር ነገሩን ለማሻሻል አሰበ፤ ማሻሻል ማለት ለእሱ መጨመር ማለት ነው። የሎሚ ለስላሳ ከሆነ እውነተኛ ሎሚ ያስፈልገዋል ብሎ ሎሚ እየቆረጠ እያንዳንዱ ብርጭቆ ላይ በደንብ ጨመቀበት። ወተቱ ሎሚውን ሲያገኝ ተቋጠረ፤ ላዩ ላይ ነጫጭ ነገር ተንሳፈፈ። ሚልኬሳ በማንኪያ አንሥቶ ብርሃን ላይ አየው። አይብ ይመስላል አለ። ሱሩር ይህ የዱባይ ክሬም እንደሆነ ነገረው። ሚልኬሳ ጨዋ ሰው ስለሆነ ዋጠው። እንዴት ነው ተብሎ ሲጠየቅም ካሰበ በኋላ «ይቀዘቅዛል» ብሎ መለሰ። ሱሩር ይህንን እንደ ምስጋና ወስዶ ማታ ለአባቱ ነገራቸው።

ዋናው ችግር ሱሩር የሚሠራውን አለመቅመሱ ነበር። ቀን ጾመኛ ነው፤ ማታ ደግሞ ሾርባና ሳንቡሳ ሲያይ ፍሎት ትዝ አይለውም። ጀዋሂር ግን ያን ሰሞን ሴቶች ከጾም በሚያርፉበት ጊዜ ላይ ነበረች። አንድ ቀን እሱ ለዙህር መስጊድ ሲሄድ የምንጣፉን ጥቅል ተከልላ፣ እሱ በሚሠራበት መንገድ አንድ ብርጭቆ ሠርታ ጠጣች። ሙቅ ለስላሳ፣ የቀለጠ አይስክሬም፣ የተቋጠረ ወተት፤ ከሁሉም በላይ ግን ጋዝ። ሆዷ ባዶ ስለነበር ጋዙ መውጫ ፍለጋ ሲያስጨንቃት ዋለ። ለደንበኛ ዋጋ እየነገረች መሀል ላይ ታገሣለች፣ ይቅርታ ትጠይቃለች፣ እንደገና ታገሣለች። አንዲት ሙሽራ ብርድ ልብስ እያማረጠች ሳለ በሐዘኔታ አይታ፣ እርጉዝ ናት መሰለኝ ብላ ለእናቷ አንሾካሾከች።

ማታ ከአፍጥር በኋላ ልትነግረው ጀመረች። መቅመሷን እንደሰማ ሱሩር ሳቀ። ሴት ሻይ ታፈላለች፣ ፍሎት ግን ሙያ ነው አላት። ጀዋሂር አፏን ዘጋች። ያኔ የዘጋችው ተሸንፋ አይደለም፤ እንደ ቅመም ቋጥራ አስቀመጠችው እንጂ።

ብዙም ሳይቆይ ሱሩር የገበያውን ችግር የሚፈታ መላ አገኘሁ አለ። የመስጊዱን አባቶች ቤቱ ጠርቶ ሊያስፈጥር ነው። ቴምር ቀምሰው ወዲያው ፍሎቱን ይጠጣሉ፣ ይደነቃሉ፣ ለጀመዓው ይናገራሉ። ጀዋሂር ከመግሪብ ሶላትና ከምግቡ በኋላ ቢቀርብ እንደሚሻል ነገረችው። «ጣዕም የሚታወቀው ጥማት ላይ ነው» አላት። የሆዷን ነገር፣ የሙሽራዋን ነገር ግን አልነገረችውም። ጠይቆኝ ቢሆን እነግረው ነበር ብላ ራሷን አሳመነች።

ቀኑ በጣም የሞቀ ቀን ነበር። አባቶቹ ከከሰዓት በኋላው ፀሐይ ተርፈው፣ ከንፈራቸው ነጥቶ፣ ሱሩር ከሱቅ ያመጣው አዲስ ምንጣፍ ላይ ተደረደሩ። ከእነሱ ጋር የጀዋሂር ወንድም ዛኪር አለ፤ ከማንም በፊት የሚስቅ ሰው ነው። ጀዋሂርና ሴቶቹ ከማድ ቤቱ ሆነው በመጋረጃው ቀዳዳ ያያሉ። አዛኑ ተሰማ። ቴምሩ ተቀመሰ። ወዲያው ሱሩር ረጃጅሙን ብርጭቆ በየእጃቸው አስጨበጠና ከላይ አንቆረቆረው። ቀኑን ሙሉ ጉሮሮው የደረቀ ሰው አይመራመርም፤ አረፋውን እየነፉ፣ ጢማቸውን እየጠረጉ፣ ባንድ ትንፋሽ ጨለጡት። ሐጂ ኑርሰፋም ጨለጡት። ሱሩር ደግሞ ሰጣቸው። እንደገና ጨለጡት።

ከዚያ ለሶላት ተነሡ። ሐጂ ከፊት ቆሙ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። እዚህ ቤት ብቅል አላስፈለገም። የመጀመሪያዋ ግሣት ከኋላ ረድፍ መጣች፤ ትንሽ፣ ዓይነ አፋር፣ በእጅ የታፈነች። ሰው አልሰማሁም አለ። ቀጥላ ከመሀል ሌላ መጣች፣ ይችኛዋ አልታፈነችም። ለሩኩዕ ጎንበስ ሲሉ ደግሞ ሆድ ታጠፈና ከዳር እስከ ዳር ተራ በተራ፣ እንደ ማሽላ ፈንዲሻ። ሐጂ ኑርሰፋ ዐይናቸውን ጨፍነው እንደምንም ቀጠሉ። በሁለተኛው ረከዓ፣ በሚያምረው ድምፃቸው ቁርኣን እየቀሩ ሳለ፣ ድምፁ ቀጥ አለ። ትከሻቸው አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ ወረደ። ከዚያም የወጣው ድምፅ እንዲህ ካለ ቀጭን ሽማግሌ ይወጣል ብሎ ማንም የሚጠብቀው አልነበረም።

ዛኪር ሳቀ። ሶላት ላይ ድምፅ አውጥቶ መሳቅ ሶላቱን ያበላሻል፤ ይህን ዛኪርም ያውቃል፣ ግን አልቻለም። እሱ ሲስቅ ጎኑ ያለው ሳቀ፣ ከጎኑ ያለውም። ሶላቱን እንደ አዲስ መጀመር ግድ ሆነ። ሁለተኛውም ያለ ግሣት አላለቀም፤ ግን ሰው ከንፈሩን ነክሶ ጨረሰው።

ሴቶቹ ማድ ቤት ውስጥ ሻሻቸውን አፋቸው ውስጥ ጠቅጥቀው ይንፈራፈሩ ነበር። ጀዋሂርም ከእነሱ ጋር ስትስቅ ቆየች። ሐጂ ዞረው ሲቀመጡ ፊታቸውን እስክታይ ድረስ። እኚህ ሰው ልጃቸው ካገባት ጀምሮ እንደ ልጃቸው ያዩዋት፣ አንድ ቀን ቀና ብለው ክፉ ያልተናገሯት፣ መስጊድ ውስጥ ቁርኣን ሲቀሩ ሰው ከሌላ ሰፈር የሚመጣላቸው ሽማግሌ ናቸው። አሁን ጎንበስ ብለው ጢማቸው ላይ የደረቀውን አረፋ በመሐረብ ይጠርጋሉ። ባሏን ለማሸነፍ ብላ እሳቸውን እንዳዋረደች ያኔ ገባት።

ሾርባው ቀረበ፤ የሚበላ ሆድ ግን አልተገኘም። ሱሩር ጥግ ይዞ ቆሟል፤ ቀይ ኮፍያውን እጁ ላይ ያሽከረክራል። ሐጂ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ተናገሩ።

«ልጄ፣ ሰው ጾመኛ ያስፈጥራል። አንተ ጾመኛ ነፋህ።»

ዛኪር ይህን ቃል ይዞ ወጣ። በማግሥቱ ገበያው ሁሉ ሱሩርን ጎሚስታ ይለው ጀመር። ጎሚስታ በዚያ መንገድ ላይ ጎማ የሚነፉት ናቸው፤ ባጃጅ ነጂዎች ከሱቁ ፊት ቆመው፣ «ሱሩሬ፣ የኋላዋ ትንሽ ጎድላለች፣ ሙላልኝ» ይሉታል። ሱሩር መጀመሪያ ተሳደበ፣ ቀጥሎ ታመምኩ ብሎ ቤት ዋለ። ከመዋሉ በፊት ማሽኑን ባለ ነብር ሥዕል ብርድ ልብስ አልብሶት ሄደ። ጀዋሂርን፣ ያ ማሽን ከዛሬ ጀምሮ ሬሳ ነው አላት።

ጀዋሂር ሬሳውን አንድ ቀን አላሳደረችውም። ለሐጂ ክብር ብዬ ነው፣ ስማቸውን ካጎደፈው ነገር ስማቸውን ላጥራ ብዬ ነው ትላለች። ይህ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ደግሞ፣ ያቺ ሻይ ታፈላለች የተባለች ሴት ምን እንደምታፈላ ልታሳይ ፈልጋ ነው። ከጠዋት ጀምራ ጠርሙሶቹንና ብርጭቆዎቹን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባች። ወንበር ላይ አልወጣችም። ብርጭቆውን ዘንበል አድርጋ ለስላሳውን በጎኑ ቀስ እያለች አወረደችው፤ አረፋው ሲነሣ ቆመች፣ ሲወርድ ጨመረች። አይስክሬሙን ከላይ አልጣለችውም፤ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው በማንኪያ አሳረፈችው። ሎሚውን አልጨመቀችም፤ የብርጭቆውን አፍ ብቻ በቁራጩ አሸችበት። ከጾም እረፍቷ ገና አላለቀም ነበርና ቀመሰችው። ሁለተኛ ሠርታ ለሚልኬሳ ላከችለት። ሚልኬሳ ባዶ ብርጭቆውን ራሱ ይዞ መጣ፤ ያን የዱባይ ክሬም እውነቱን ሳይናገር «ይቀዘቅዛል» ብሎ ስላለፈው ይቅርታ ጠየቃት።

እትዬ ተረፈች ይህን ሁሉ ደጅ ሆና ታይ ነበር። ወተት የሌለበት ቢሆን እኔም አንድ እል ነበር አለች፤ ነገሩን ለጨዋታ ነበር ያለችው። ጀዋሂር ግን ገበያ የምትሰማበት ጆሮ አላት። ማንጎ ጨምቃ ማሽኑ ውስጥ አቀዘቀዘችና ከወተቱ ፈንታ እሱን ለስላሳው ላይ አንሳፈፈችው። እትዬ ተረፈች ማሽኑ መታጠቡን በዓይኗ ካላየች አልቀምስም ብላ ስለነበር ጀዋሂር በፈላ ውሃ እየደጋገመች አጠበችው፤ አሮጊቷ እንደ ጤና ተቆጣጣሪ እጇን አጣምራ ቆማ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ጠጣች። ጨርሳ ማንኪያውን ላሰች። በማግሥቱ ከቅዳሴ የወጡ ሴቶችን ነጠላቸውን እንዳጣፉ ይዛ መጣች።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ጾም ለጀዋሂር ሁለት ገበያ ሆነ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ክርስቲያኖቹ ለማንጎው ይመጣሉ፤ ከአፍጥርና ከሶላት በኋላ፣ እህል ከቀመሱ ወዲያ፣ ሙስሊሞቹ ለወተቱ። የወጣለት ስም ግን አልጠፋም። ሰው ደጃፉ ላይ የተሰቀለውን እያነበበ «አንድ ጎሚስታ» ብሎ ያዛል። ጀዋሂር መጀመሪያ ተናደደች፣ ኋላ ለመደችው። ክፋቷ ግን በሌላ ወጣ። ማንኪያውን ለማንም አትሰጥም፤ ልትረዳት የመጣች እህቷን እንኳ አረፋ ታበላሺያለሽ ብላ አስለቅሳ ሸኘቻት። እትዬ ተረፈች እንደምትለው፣ ባልና ሚስት ሲኖሩ ይመሳሰላሉ።

ሱሩር አልጋው ላይ ሆኖ የሰዉን ጫጫታ ሰማ። ሕመሙ ተሻለው። ልብሱን ለብሶ ሲመጣ ሱቁ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሰው ብርድ ልብሱ ክምር ላይ ሳይቀር ተቀምጦ ይጠጣል። ትንሽ ቆሞ አየና ጮክ ብሎ፣ ሰዎች ሐሳቤን ለመረዳት ጊዜ እንደሚወስድባቸው መጀመሪያም ተናግሬ ነበር አለ። ሊያንቆረቁር ጠርሙስ ሲያነሣ ጀዋሂር ከእጁ ወሰደችበት። ደጅ ሆነህ እንግዳ ተቀበል፣ ዱባይ ላይ ማናጀሮች የሚቆሙት በር ላይ ነው አለችው። ዱባይ ሄዳ አታውቅም። እሱ ግን ትክክል ነሽ አላት፤ በማግሥቱ ከረባት አሥሮ መጣ።

እንዲህ ሆኖ ኢድም አለፈ፣ ፋሲካም አለፈ። ሐጂ ኑርሰፋ ለኢድ መጥተው ጥግ ላይ ተቀምጠው አንድ ብርጭቆ ጠጡ። ጀዋሂር ዕቃ የምታነሣ መስላ አጠገባቸው ጎንበስ ብላ፣ ያን ለት መጠጡ ሆድ እንደሚነፋ አውቃ ሳለ ሳትናገር እንደቀረች ነገረቻቸው። ሐጂ መልስ አልሰጧትም፤ ብርጭቆውን አቀብለዋት ምራታቸውን መረቋት። ይቅር ብለዋት ይሁን፣ ሳይሰሟት ቀርተው ይሁን፣ እሷ እስከ ዛሬ አታውቅም፤ ደግማ ለመጠየቅም አልደፈረችም።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ቢንያም የሚባል ትሑት ሰው ከቡራዩ መጣ። እዚያ ትንሽ ካፌ ሊከፍት አስቧል፤ ስለ ሰበታው ፍሎት ሰምቶ ነው። ሥራውን ያመጣው ሰው ማን እንደሆነ በሩ ላይ ሲጠይቅ በሩ ላይ የቆመው ሱሩር ነበር። ሱሩር ክንዱን ይዞ አስገባው፣ አስቀመጠው፣ ከገበያ አዳራሹ ጀመረለት። ጀዋሂር ብርጭቆ እያጠበች ትሰማለች። ሱሩር ለስላሳው ፀሐይ ቢያገኝ ጉልበት እንደሚጨምር፣ ሎሚ በብዛት መጨመቅ እንዳለበት፣ ከሁሉም በላይ ግን ምሥጢሩ ከፍታው ላይ እንደሆነ አስረዳው። ወንበር ላይ ወጥቶ በባዶ ጠርሙስ አሳየው። ቢንያም በአድናቆት ቀና ብሎ ያያል።

ሱሩር ሲወርድ ቢንያም ወደ ጀዋሂር ዞረ። «እህቴ፣ የሚጨመር ነገር ይኖር ይሆን?» አላት።

ጀዋሂር ሰውየውን አየችው። ጨዋ ሰው ነው፣ ያሳዝናል። ግን ደግሞ ሰበታ እየመጣ የሚጠጣ የቡራዩ ሰው ጥቂት አይደለም፤ እዚያው ጥሩ ካገኘ ይቀራል። እጇን በፎጣ አደረቀች።

«እሱ ሁሉንም ነግሮሃል» አለችው።

ቢንያም አመስግኖ ወጣ። ሱሩር ከረባቱን አስተካክሎ እስከ አስፋልቱ ሸኘው።